አሮጌ ጌም በኢሙሌተር አልጫን ሲል፦ ችግሩን በሥርዓት ስለ መፈለግ

አሮጌ ጌም አልጫን ሲል ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ጌሙ የሚያውቀውን ማሽን አጥቶ ነው። መሠረቱ ይህ ነው። ከዚህ በታች የሚመጣው ትምህርት ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነውና፣ መሠረቱን ሳይዙ ወደ ዝርዝሩ መሮጥ አይጠቅምም።

ለአዊ ሰው ነገሩን ለማስረዳት ከፈረስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። አንድ ልጓም የለመደ ፈረስ ልጓሙ ሲቀየርበት አልሄድም ይላል። ባለቤቱ ፈረሱ ታመመ ብሎ መድኃኒት ፍለጋ አይሄድም፤ ልጓሙን ያያል። የእኛም ሥራ ጌሙን ማከም ሳይሆን የለመደውን ማሽን መልሶ ማቅረብ ነው።

ትምህርቱ የተዘጋጀው በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለምትማሩ፣ በዳንግላ ጌም ቤት ወይም የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ላላችሁ፣ ቤታችሁም አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ላላችሁ ሁሉ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለእያንዳንዱ ችግር ከኢንተርኔት መልስ መቅዳት የለመደ ሰው ባለበት ቆሟል። ጌሙ ከጓደኛ በፍላሽ ይመጣል፤ መፍትሔው ግን ሁልጊዜ በፍላሽ አይመጣም። ስለዚህ እዚህ የምንማረው የመፍትሔ ዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ የመመርመር ሥርዓትን ነው።

አንደኛ፦ ኢሙሌተር ምንድን ነው?

ኢሙሌተር ሌላ ኮምፒውተር መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ዶስቦክስ የሚባለውን ስትከፍቱ በዊንዶውስ 10 ላይ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። በዚያ መስኮት ውስጥ የዶስ ዘመን ማሽን አለ፤ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ራም፣ የራሱ የድምፅ ካርድ አለው። አንዳቸውም በእጅ አይዳሰሱም። ነገር ግን ጌሙ «የድምፅ ካርድ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ዶስቦክስ «አለ» ብሎ ይመልሳል፤ ጌሙም አምኖ ይሠራል።

ጥያቄ፦ በቀጥታ በዊንዶውስ ላይ ብጭነውስ?
መልስ፦ የዶስ ጌሞችና ብዙዎቹ የዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞች የተጻፉት ለ16 ቢት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ እነዚህን ጨርሶ አያስነሳም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። «ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተርዎ ላይ አይሠራም» የሚል መልእክት ካያችሁ ደጋግሞ መጫን ድካም ብቻ ነው፤ መንገዱ ኢሙሌተር ነው።

ሁለተኛ፦ የጌሙን ዘመን ስለ መለየት

ጌሙን ከመጫን በፊት ዘመኑ ይታወቅ። የዶስ ዘመን ጌሞች፣ ለምሳሌ ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ፣ ዎልፈንስታይን 3ዲ እና ዱም፣ ወደ ዶስቦክስ ይሄዳሉ። ለዊንዶውስ 95 እና 98 የተሠሩት፣ ብዙዎቹ በሲዲ የመጡት፣ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ሙሉ ማሽን ይፈልጋሉ፤ ለዚህ 86ቦክስ የሚባለው ኢሙሌተር አለ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህ የመጡት ደግሞ አብዛኞቹ ያለ ኢሙሌተር ዛሬም ሊሠሩ ስለሚችሉ በዚህ ትምህርት አንነካቸውም።

ዘመኑን ጌሙ ራሱ ይናገራል። በዶስቦክስ ውስጥ አስነስታችሁት ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ እንደሚያስፈልገው የሚናገር አንድ መስመር ጽፎ ከቆመ፣ ያ ብልሽት አይደለም። የዊንዶውስ ጌም የዶስ ቤት አንኳኩቶ ነው፤ ወደ ቤቱ ውሰዱት።

ሦስተኛ፦ ችግሩ ከማነስ ነው ወይስ ከመትረፍ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባገለገለ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ጌም እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚለው «ኮምፒውተሬ ደካማ ስለሆነ ነው» ነው። በአሮጌ ጌም ላይ ግን እውነቱ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ ማሽኑ ለጌሙ በዝቶበት ነው። አራት ማስረጃ እንይ።

የመጀመሪያው የዲስክ ቦታ ነው። የዚያ ዘመን ዶስ አንዱን የዲስክ ክፍል ከ2 ጊጋባይት በላይ አያውቀውም ነበር። አንዳንድ የመጫኛ ፕሮግራም ከዚህ የሚበልጥ ባዶ ቦታ ሲነገረው ቁጥሩ ከሚቆጥርበት ሣጥን ይፈስና ከዜሮ በታች ይሆንበታል። ከዚያ «በቂ ቦታ የለም» ይላል። ዲስኩ ጠቦ አይደለም፤ ሰፍቶ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። «ራንታይም ኤረር 200» የሚል መልእክት ያያችሁ ትኖራላችሁ። በተርቦ ፓስካል የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ሲነሡ ፕሮሰሰሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስንት ዙር እንደሚቆጥር ይለካሉ፤ ውጤቱንም ከ65,535 በላይ በማይይዝ ቦታ ያስቀምጣሉ። ፕሮሰሰሩ ፈጣን ሲሆን ውጤቱ አልይዝ ይላል፤ ፕሮግራሙም ገና ሳይጀምር ይወድቃል።

ሦስተኛው ራም ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ አንዳንድ ጌሞች «የታመቀው ፋይል ተበላሽቷል» ብለው ይቆማሉ። ሰው ይህን አንብቦ ፋይሉን እንደገና ለመቅዳት ይሮጣል፤ ፋይሉ ግን ጤነኛ ነው። ያኔ ፕሮግራም የሚያምቀው መሣሪያ፣ የራሙ የመጀመሪያዎቹ 64 ኪሎባይቶች በሌላ ነገር እንደተያዙ ቆጥሮ ይሠራ ነበር። ዛሬ ያ ቦታ ባዶ ስለሆነ ጌሙ እዚያ ላይ ያርፍና ይደናገራል። ዶስቦክስ ለዚህ «ሎድፊክስ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ከጌሙ ስም በፊት ሲጻፍ ያን የታችኛውን ቦታ ይይዝና ጌሙን ወደ ላይ ያሳርፈዋል።

አራተኛው ከዊንዶውስ 98 ነው። ከ512 ሜጋባይት በላይ ራም ስትሰጡት ሊነሣ ሲል «ራም አነሰኝ» ሊል ይችላል። ይህም ያው ነው፤ የበዛበትን አነሰኝ ይላል።

ከእነዚህ የምንይዘው ትምህርት ይህ ነው፦ መልእክቱ ጌሙ ያየውን ይናገራል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ስለዚህ መልእክቱን ቃል በቃል አንብቡት፣ ጻፉት፣ ትርጉሙን ግን ጌሙ ከተሠራበት ዘመን አንጻር ፈልጉ።

አራተኛ፦ የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ስድስት ጥያቄ አለው። ጥያቄዎቹ ከታች ወደ ላይ የተደረደሩ ስለሆኑ አንዱን ዘሎ ወደ ሌላው መሄድ አይፈቀድም፤ የታችኛው ካልጸና በላይኛው ላይ የምታገኙት መልስ አይታመንም። በእያንዳንዱም ላይ የምትቀይሩት አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ሦስት ነገር በአንድ ላይ የቀየረ ሰው ጌሙ ቢነሣለት እንኳ የትኛው እንዳስነሣው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ጌም ላይም ከዜሮ ይጀምራል።

1. ፋይሉ ሙሉ ነው? በፍላሽ የመጣ ጌም መጀመሪያ የሚጠረጠረው በዚህ ነው። በየሱቁ የሚዞር ፍላሽ የሾርትከት ቫይረስ ሲይዘው እውነተኛዎቹ ፋይሎች ይደበቃሉ፤ የሚታዩት አቋራጮች ብቻ ይሆናሉ። አቋራጩን ብትገለብጡ ቫይረሱን እንጂ ጌሙን አትገለብጡም። የፎልደሩን መጠን ከሰጣችሁ ሰው ፎልደር ጋር አመሳክሩ። የታመቀ ፋይል ከሆነም ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ ሳይፈታ ከውስጡ የመጫኛውን ፋይል መክፈት ልማድ ቢሆንም ስሕተት ነው።

2. መንገዱ ትክክል ነው? ዶስቦክስ የእናንተን ሃርድ ዲስክ በራሱ አያይም። «ማውንት» በሚለው ትእዛዝ አንድ ፎልደር ስታሳዩት፣ ያን ፎልደር ሲ ድራይቭ ብሎ ይቀበላል። ትእዛዙ ሦስት ክፍል አለው፦ ማውንት የሚለው ቃል፣ ሲ የሚለው ፊደል፣ የፎልደሩ አድራሻ፤ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ይደረጋል፤ የሚጻፉትም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በአድራሻው ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ አድራሻው በትእምርተ ጥቅስ ይታጠር።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። ፎልደሩን «ጨዋታዎች» ብላችሁ በአማርኛ አትሰይሙ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ የዶስ ዘመን በዚያን ጊዜ አልፏል። ዶስ ለፊደላችን ቦታ የለውም። የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ስም በአማርኛ ከሆነም በዴስክቶፕ ላይ ያለ ፎልደር ሁሉ በአድራሻው ውስጥ አማርኛ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ፎልደሩን በቀጥታ በድራይቩ ሥር አድርጉት። የፋይል ስም በዶስ ከ8 ፊደል፣ ቅጥያውም ከ3 ፊደል አይበልጥምና አጭር የእንግሊዝኛ ስም ስጡት። ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት የአማርኛ መጻፊያውን አጥፉ።

ዶስቦክስ ተከፍቶ ሳለ አዲስ ፋይል ወደ ፎልደሩ ብትገለብጡ ላያየው ይችላል። ኮንትሮልና ኤፍ 4ን አንድ ላይ ስትጫኑ ዝርዝሩን ያድሳል። በላፕቶፕ ላይ ኤፍ ኤን የሚለውን ቁልፍ ጨምራችሁ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

3. ዲስኩ የሚጠበቀው ዓይነት ነው? ዶስቦክስ ማውንት ለተደረገ ፎልደር 250 ሜጋባይት ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ ለጌሙ ይነግረዋል። ይህ ከላይ ካየነው የመትረፍ ችግር ያድናል። ነገር ግን 400 ሜጋባይት የሚፈልግ ጌም ቦታ አነሰኝ ይላል፤ ያኔ በማውንት ትእዛዝ ላይ «ፍሪሳይዝ» የሚለውን ጨምራችሁ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ። «ሁለተኛውን ዲስክ አስገባ» ካለ የፍሎፒዎቹን ይዘት በአንድ ፎልደር ማሰባሰብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ሲዲውን አስገባ» ካለ ደግሞ የሲዲውን ይዘት በተራ ፎልደር ማስቀመጥ አይበቃም፤ ጌሙ የሚፈልገው የሲዲ ማጫወቻ ነው። የሲዲውን ቅጂ «ኢሜጅማውንት» በሚለው ትእዛዝ እንደ ሲዲ አቅርቡለት። ሙዚቃው በሲዲው ላይ እንደ ዘፈን የተቀረጸ ከሆነ የአይኤስኦ ቅጂ ሙዚቃውን አይዝም፤ ቢን እና ኪው የሚባሉት ጥንድ ፋይሎች ያስፈልጋሉ።

4. ራሙ ልኩ ነው? ዶስቦክስ ሲጫን በማስተካከያ ፋይሉ 16 ሜጋባይት ይሰጣል፤ ለአብዛኛው የዶስ ጌም ይበቃል። ሳይጠየቅ ማብዛት ትርፉ ችግር ነው።

5. ፍጥነቱ ልኩ ነው? ጌሙ እንደ እብድ ከሮጠ ወይም ራንታይም ኤረር 200 ካመጣ ኮንትሮልና ኤፍ 11 ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከተንቀራፈፈ ኮንትሮልና ኤፍ 12 ይጨምራል። ሲነሣ የሚወድቅ ጌም ከሆነ ፍጥነቱን ጌሙን ከማስነሣታችሁ በፊት ቀንሱት።

6. ድምፁ ተስማምቷል? በዚያ ዘመን ጌሙ የድምፅ ካርዱን አድራሻ ከተጠቃሚው ይጠይቅ ነበር። የዶስቦክስ መልስ የታወቀ ነው፦ ሳውንድ ብላስተር 16፣ አድራሻ 220፣ አይአርኪው 7፣ ዲኤምኤ 1። ጌሙ ሲነሣ የሚደርቅ ከሆነና ሌላው ሁሉ ከተመረመረ፣ ድምፁን «የለም» ብላችሁ አስነሡት። ከተነሣ ችግሩ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ ነው።

አምስተኛ፦ በዱም ላይ መለማመድ

ሥርዓቱን በአንድ ጌም ላይ እንፈጽመው። ዱም የወጣው ታኅሣሥ 1 ቀን 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1993) ነው። የመረጥነው ስለ ዝናው ብቻ አይደለም፤ አይዲ ሶፍትዌር የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ 9 ደረጃዎች ያሉትን፣ ሰው ለሰው እያካፈለ እንዲጫወተው በነፃ ስለ ለቀቀው ጭምር ነው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። አሮጌ መሆን ነፃ መሆን አይደለም። ለመማሪያ፣ በተለይም ገንዘብ በሚከፈልበት ጌም ቤት፣ በነፃ የተለቀቀውን መምረጥ ይገባል።

ነፃው ዱም ለሁለት ፍሎፒ በሁለት ተከፍሎ የመጣ ነው። ሁለቱን ክፍሎች በአጭር የእንግሊዝኛ ስም በተሰየመ አንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነው። ፎልደሩን ሲ ድራይቭ አድርጋችሁ ማውንት አድርጉ፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ከዚያ ኢንስቶል የሚለውን አስነሡ። ሁለተኛውን ክፍል ካጣው ዲስክ ይጠይቃል፤ ይህም ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ተመልሳችሁ ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን መሆናቸውን እዩ። ዱም 4 ሜጋባይት ራም ይበቃዋል፣ ዶስቦክስ 16 ሰጥቶታል፤ አራተኛው አለፈ። ፍጥነቱን ዶስቦክስ በራሱ ያስተካክላል። በመጨረሻ ሴትአፕ የሚለው ገጽ ሲመጣ ሳውንድ ብላስተርን መርጣችሁ 220፣ 7 እና 1ን ስጡ። ካርዱን በራሱ እንዲፈልግ አትተዉት፤ እኛ ቁጥሩን ስለምናውቀው መንገር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ተጭኖ አበቃ፣ ግን ማውሱ ከመስኮቱ እየወጣ አስቸገረኝ።
መልስ፦ ኮንትሮልና ኤፍ 10 ማውሱን ለጌሙ ይሰጣል፤ ደግማችሁ ስትጫኑት ይመልሰዋል። አልትና ኢንተር መስኮቱን ሙሉ ስክሪን ያደርገዋል።

ስድስተኛ፦ የዊንዶውስ 98 ዘመን ጌሞች

86ቦክስ ከዶስቦክስ የሚለየው ማሽኑን ሙሉ አድርጎ ስለሚመስል ነው፤ ማዘርቦርዱንና የግራፊክስ ካርዱን ሳይቀር እናንተ ትመርጣላችሁ። ዊንዶውስ 98ንም እንደ እውነተኛ ኮምፒውተር ከመጀመሪያው ትጭናላችሁ። 64 ሜጋባይት ራምና 2 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ለአብዛኛው ጌም ይበቃል።

እዚህ ላይ ከላይ የተማርነው የመትረፍ ሕግ ወሰኑን ያገኛል። ይህ ኢሙሌተር ሥራው ከባድ ስለሆነ የላፕቶፑ ድካም በእውነት ይታያል። መስኮቱ አናት ላይ የፍጥነት ፐርሰንት አለ። 100 ከሆነ ማሽኑ ችሏል። ከ100 በታች ከወረደ ድምፁ ይቆራረጣል፣ መጫኛውም የደረቀ ይመስላል። መድኃኒቱ ግን አሁንም መጨመር አይደለም፤ ከምናሌው የመረጣችሁትን ፕሮሰሰር በደከመ ተኩት። 100 ፐርሰንት የሚሮጥ ደካማ ፔንቲየም 60 ፐርሰንት ከሚጎተት ብርቱ ይሻላል።

ጌሙ «256 ቀለም ያስፈልጋል» ብሎ ከቆመ ዊንዶውስ 98 በ16 ቀለም እየሠራ ነው ማለት ነው፤ በ86ቦክስ ላይ ለመረጣችሁት የግራፊክስ ካርድ ድራይቨሩን ጫኑ። ዳይሬክትኤክስ ካነሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በጌሙ ሲዲ ላይ ይገኛል። አንዳንድ ሲዲዎች ሴፍዲስክ የሚባል የቅጂ መከላከያ አላቸው፤ ዊንዶውስ 10 ይህን አይቀበልም፤ ተራ የአይኤስኦ ቅጂም መከላከያውን አይዝም። እንዲህ ያለ ጌም ካጋጠማችሁ ሻጮቹ ለዛሬ ዊንዶውስ አስተካክለው ያወጡት እትም እንዳለ መጠየቅ አጭሩ መንገድ ነው።

ሰባተኛ፦ የተጫነውን ስለ መጠበቅ

መብራት በጭነት መሀል ቢጠፋ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም አብሮ ቢጠፋ፣ ግማሹ የተጫነ ጌም ይቀራል። በላዩ ላይ ደግሞ መጫን የተደባለቀ ፋይል ያመጣል። በዶስቦክስ ሲ ድራይቭ ተራ ፎልደር ስለሆነ ጌሙ ያረፈበትን ፎልደር ሰርዛችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ። በ86ቦክስ ግን መላው ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ያ ፋይል ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዊንዶውስ 98 ተጭኖ እንዳለቀ፣ ምንም ጌም ሳይገባበት፣ ፋይሉን ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ስትጨርሱም መስኮቱን በመዝጋት ሳይሆን ከዊንዶውስ 98 ውስጥ ሻት ዳውን በማድረግ ውጡ።

ከዚህ አንድ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። በእንጅባራ በትክክል የተጫነ የዶስቦክስ ጌም፣ ፎልደሩ ከነማስተካከያ ፋይሉ በፍላሽ ተገልብጦ ዳንግላ ቢደርስ፣ እንደገና መጫን አያሻውም። ኮምፒውተሮቹ ቢለያዩም በውስጣቸው ያለው የዶስቦክስ ማሽን አንድ ነው። ከፎልደሩ ጋር አንድ አጭር ጽሑፍ አኑሩ፦ የትኛው የዶስቦክስ እትም፣ ምን ያህል ፍጥነት፣ ምን ዓይነት የድምፅ ቁጥር።

የመጨረሻው ልምምድ

ይህን ትምህርት በማንበብ ብቻ የያዘ ሰው ገና አልያዘውም። ዱምን በትክክል ከጫናችሁ በኋላ ፎልደሩን ገልብጡ፤ ቅጂውንም ሆን ብላችሁ አበላሹት። በመጀመሪያ አይአርኪውን 7 ከማለት 5 በሉት፤ ምን እንደሚሆን ጻፉ፤ መልሱት። ቀጥሎ ራሙን ወደ 2 ሜጋባይት አውርዱ፤ መልእክቱን ቃል በቃል ጻፉ፤ መልሱት። ከዚያ የፎልደሩን ስም በአማርኛ ቀይራችሁ ማውንት ለማድረግ ሞክሩ። በመጨረሻ ከሁለቱ የመጫኛ ክፍሎች አንዱን ደብቁና ኢንስቶልን አስነሡ። በደብተራችሁ ላይ በግራ የሠራችሁት ጥፋት፣ በቀኝ ያያችሁት ምልክት ይኑር። ነገ ጓደኛችሁ የማታውቁትን ጌም ይዞ ሲመጣ ደብተሩን ከቀኝ ወደ ግራ ታነቡታላችሁ፦ ከምልክቱ ወደ ጥፋቱ።